አምስተኛው እፍኝ

ቅጭል። ከዚያ ዝም። ቅጭል። ከዚያ ዝም። ደግሞ ቅጭል።

ሦስተኛውን ስሰማ ዓይኔን ሳልገልጥ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት። ሃምሳ፣ ሃያ፣ አሥር፤ ሦስቱ የነሐስ መመዘኛዎች ሳህኑ ላይ አርፈዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ ያው የማውቀው ረጅም ጸጥታ መጣ፤ አባቴ ትንፋሹን ውጦ፣ የሚዛኑን መርፌ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ፣ መሃል ላይ እስክትቆም የሚጠብቅበት። በመጨረሻ፣ ኩርሽም።

ካሮት ነው። የቀኑ የመጀመሪያዋ እፍኝ ተበላች።

እንደተኛሁ ቀኑን አሰብኩ። ታላቅ እህቴ እስክትመጣ ሁለት ጠዋት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ወይ ይህን ድምፅ በየጠዋቱ እሰማዋለሁ፣ ወይ ጭራሽ አልሰማውም።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። መመዘኛዎቹን በእንጨት ሳጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ በነጋዴው ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ሚዛኑ ልክ ከሆነ ጎኑ ላይ በብረት መጫሪያ አንዲት ሰረዝ ይጭራል። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ጋሼ ሚዛን» ነው የሚለው። ጡረታ ሲወጣ ሳጥኑንና አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሸለሙት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ጋዜጣው ቀርቶ የጋዜጣውን ርዕስ እንኳ ማንበብ አቅቶታል። ጣቶቹ ግን አልደከሙም። የሸሚዜን ቁልፍ ዳስሶ «ክሩ ሊበጠስ ነው» ይለኛል፤ በማግስቱ ይበጠሳል።

ከአምስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ ዞሮበት ወደቀ። ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ደሙን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ፣ ቤት ውስጥ ምንድን ነው የምትበሉት?»

«ዳቦ።»

«ከዳቦው ጋር?»

«ሻይ።»

«ከሻዩ ጋርስ?»

«ዳቦ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ በቀን አምስት እፍኝ አትክልትና ፍራፍሬ መብላት እንዳለበት ነገረችው፤ ምንም ይሁን ምን፣ ከአምስት እንዳያንስ።

«የማን እፍኝ?» አላት አባቴ።

«የራስዎ ነዋ።»

«እጅ ይለያያል። እፍኝ መለኪያ አይደለም።»

አንድ ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ቤት እንደገባን ጫማውን ሳያወልቅ ካሮት አስከትፎኝ፣ በእጁ ሦስት ጊዜ ዘግኖ ሦስት ጊዜ መዘነው። «በቃ። የእኔ እፍኝ ሰማንያ ግራም ነው» አለ፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሚዛኑ ተቀመጠ።

እህቴ ያን ሳምንት ከሌላ ከተማ መኪና ነድታ መጣች። እታለም ነው የምላት። የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፈተችው፤ ዘጋችው፤ ተመልሳ ከፈተችው፣ ሁለተኛ ሲከፈት ሌላ ነገር የሚኖር ይመስል።

«ወንድ ለወንድ ሆናችሁ ተያይዛችሁ ልታልቁ ነው» አለች። ነርሷ የሰጠችንን ካርድ አንስታ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ሠላሳ ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት ሳጥን። «አንድ ወር እሰጣችኋለሁ። በየቀኑ አምስት። አንድ ከጎደለ አባዬን እወስደዋለሁ። ክፍሉ ተሰናድቷል፣ መስኮቱም ወደ ጓሮ ነው የሚያየው።»

«እኔ ዕቃ ነኝ የምትወስጂኝ?» አላት።

«ዕቃማ ብትሆን ይሄኔ ጭኜህ ነበር።»

ስትሄድ በር ላይ የእጄን አንጓ በሁለት ጣት ያዘችና «አንተም ራስህን እየው» አለችኝ። አንጓዬ ምን እንደነገራት አላውቅም፤ ለቀቀችኝና ሄደች።

አባቴ ክሊኒክ ተኝቶ በሰነበተበት ሳምንት ቤቱን ለብቻዬ አይቼዋለሁ። ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቁልፉን አዙሬ ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ የለም። ግን አንድ ሰው እስኪለኝ ድረስ በሩ ላይ እቆም ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔው «መጣሁ» አልኩ። ድምፄ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ምንም አጥቶ ተመለሰ። አንድ ቀን ሳላስበው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ሁለቱንም ጠጣሁ። አንዱን ብደፋው ማን እንደሚታዘበኝ እንጃ፤ ብቻ አፈርኩ።

ሥራዬም ሰው አያበዛም። የምድር ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ወደ እኔ የሚወርደው ፋይል ሲጠፋበት ነው፤ ሲያገኘው ደግሞ ፋይሉን እያየ ያመሰግናል። የተዛወሩ፣ የተሰናበቱ፣ የሞቱ ሰዎች መዝገብ መደርደሪያው ላይ ተኝቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዬን እየበላሁ አንዱን ፋይል እከፍትና ሰውዬው ምን ዓይነት ጫማ ያደርግ እንደነበር አስባለሁ፤ ሚስቱ በር ላይ ምን ብላ ትቀበለው እንደነበር አስባለሁ። አንዳንዴ የአንዱን ባለ ፋይል ልደት ከራሴ ልደት አስበልጬ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ካርዱ ለአባቴ የጤና ጉዳይ ነበር። ለእኔ ሌላ ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ በአባቴና በእኔ መሃል የቀረው ንግግር ጥቂት ነው። መጣህ፣ መጣሁ። በሩን ዘጋኸው፣ ዘጋሁት። ደህና እደር። አትክልቱ ወደ ቤት ሲገባ ግን ወሬ ይዞ ገባ።

«ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» ይለኛል ገና ኮቴዬን ሲሰማ።

«ቀይ ሥር።»

«ቀይ ሥር አፈር አፈር ይላል።»

«አፈር ቀምሰህ ታውቃለህ እንዴ?»

«ልጅ ሆኜ። ከቀይ ሥር ይሻላል።»

ግን ይበላል። ጥርሱ ስለማይችል እፈቀፍቅለታለሁ፤ መዳፌ ቀልቶ ሥራ ስገባ ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ጎመኑን በእንፋሎት፣ ቲማቲሙን በጨው፣ ዱባውን ቀቅዬ። ካሮቱን ብቻ «ጥሬውን ተወው፤ በቀረችኝ መንጋጋ ልኮርሽመው» አለ። እያኘከ ስለ ድሮ ሥራው ያወራል። አንድ ጊዜ የእናቴን ስም ጠራ፤ ለስንት ዓመት ያልጠራውን። ሰላጣ በጣም ትወድ ነበር አለ። እኔ አላውቅም ነበር።

አትክልቱን የምገዛው ከመንገዱ ማዕዘን፣ ጃንጥላ ሥር ከምትቀመጥ ሴት ነው። ያለ ወሬ አትሸጥም።

«መጣህ፣ ዝምተኛው? ለጋሼ ሚዛን ነው አይደል? እንግዲያው ሁለቴ ልመዝን» ትላለች ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ቲማቲም እየመረጠች ከፊት ለፊት ያለውን የተዘጋ ሱቅ በአገጯ አሳየችኝ።

«እዚያ ሥጋ ሻጭ ነበረ። ከሳህኑ ሥር የእርሳስ ብረት ለጥፎ ሲሸጥ ከርሞ አባትህ መጡበት። ሳህኑን ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱ። እኛ አሁን ይጮሁበታል፣ አሁን ይሰድቡታል ብለን አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። እሳቸው እቴ። የሚዛን ድንጋዮቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሱ፤ ሳጥኑን ዘጉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ሄዱ። አንዲት ቃል የለም። ሰውዬው ‹ጋሼ፣ ጋሼ› እያለ እስከ መታጠፊያው ተከተላቸው። ዞርም አላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሱቁን ታያለህ። ምናለ ቢሰድቡኝ ኖሮ ይል ነበር ምስኪን።» ቲማቲሙን ከረጢት ውስጥ ጨመረች። «የእኔ ሚዛን ግን አርጅቶ ሲሳሳት እዚህችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አበጁልኝ። ያረጀውን ያበጃሉ። እጅ የገባበትን ነው የማይወዱት። አንድ ቲማቲም መርቄልሃለሁ፤ እንዳትነግራቸው፣ መልስ ይሉሃል።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት የሚቀዘቅዝ ክብ ነገር ነካሁ። መንደሪን። አባቴ ተሳስቶ የከተተው መሰለኝ። ስልጠው ሽታው በመደርደሪያዎቹ መሃል ተሰራጨ፤ በዚያ አቧራ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ አጠገቤ የቆመ ያህል ቀና አልኩ። ማንም የለም። በላሁት። በማግስቱም ሌላ ነበር።

ቤት ስመለስ ካርዱን አየሁት። አባቴ ለየእፍኙ አንድ ሰረዝ ሲጭር እርሳሱን እንደ ብረት መጫሪያው ነው የሚይዘው። ከመጫኑ የተነሳ እያንዳንዷ ሰረዝ በካርዱ ጀርባ ጎብጣ ትወጣለች። ባለፈው ረድፍ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ፣ ከሥሩ አዲሱን ይጀምራል። ያለፉት ሁለት ረድፎች ላይ አራት አራት ሰረዝ ነበር። አምስተኛው ሳጥን ባዶ።

«አባዬ፣ አምስተኛው የት ሄደ?»

«ቦርሳህ ውስጥ አልነበረም?»

«ያንተ ነበር እኮ።»

«አሁን ያንተ ነው። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስትተነፍስ እየዋልክ መልክህ ራሱ ወረቀት መስሏል፤ እኔ ዕውሩ እንኳ አይቼዋለሁ።»

«እታለም አንድ ከጎደለ እወስደዋለሁ ብላለች።»

«አራት በልቻለሁ፣ አራት ጭሬያለሁ። ስትመጣ እኔው እነግራታለሁ።»

«እሷን አታውቃትም?»

«ማን ወለዳትና?»

በማግስቱ ስድስት እፍኝ የሚሆን ገዛሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት መንደሪን አገኘሁ። ስጠይቀው «ስድስት ካመጣህ ሁለቱ ያንተ ናቸው፤ ሰባት ካመጣህ ሦስቱ። እኔ እንደሆነ አራት ነኝ» አለ። በሌላው ቀን መንደሪኑን መልሼ ሳህኑ ውስጥ አስቀመጥኩና ሥራ ቦታ ገዝቼ በላሁ አልኩት። እጄን ስቦ አሸተተው።

«ይሄ እጅ ዛሬ መንደሪን አልላጠም» አለ፤ እጄን እንደ ጎደለ ሚዛን መለሰልኝ።

ተሸነፍኩ። ወደ ማታ አካባቢ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነፋስ የመቀበል ልማድ አለው። ምርኩዙ ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከካርዱ ጋር በክር የታሰረውን እርሳስ ያዝኩ። የሱን ሰረዝ ርዝመቷን አየሁ፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ማለቷን አየሁ። የደበዘዘ ጽሑፍ አስመስሎ መገልበጥ ሥራዬ ነው። በመዝገብ ቤት ደንብ ሰነድ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ፣ ያውም ወረቀቱን ሳይጎዱ በስሱ ነው። ስድስት ዓመት እጄ የለመደው ይህንኑ ነው። በባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ አንድ አንድ ሰረዝ፣ በስሱ።

ደነገጥኩ ብል እዋሻለሁ። ደስ አለኝ። እያንዳንዷ ሰረዝ አንድ ጠዋት መሰለችኝ፤ አንድ ቅጭል፣ አንድ ኩርሽም፣ አንድ «ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?»። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቀን ላይ የሱን መንደሪን በላሁ፤ ማታ ላይ የሱን ሰረዝ ሠራሁ። እሱ በማግስቱ በአውራ ጣቱ የራሱን ጭረቶች ዳስሶ ከሥራቸው ይቀጥላል። የእኔ ሰረዞች ለጣት አይታወቁም ነበር። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ሠላሳው ቀን ቅዳሜ ማታ ሞላ፤ እታለም የምትመጣው በማግስቱ፣ እሁድ ነው።

አባቴ በጠዋት ተነስቶ ነጩን ሸሚዙን ለብሶ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ካሮቱን ኮርሽሞ ነበር። የእኔን መንደሪን አንዱ ሳህን ላይ አስቀምጦ እየመዘነ ነው፤ እሁድም ቢሆን ድርሻዬ አይቀርም።

«ስማ» አለኝ። «ዛሬ አራት መሆኑን እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ አፍህን እንዳታስገባ።»

«ትቆጣለች።»

«ትቆጣለች። ከዚያ ልጄን እያበላሁ ነው እላታለሁ። ከዚያ ዝም ትላለች፤ እናቷም እንደዚያ ነበረች። ይሄን ሁሉ ቀን አራት በልቼ አንድ ቀን አልዋሸሁም፤ ይሄ ትንሽ ነገር ነው?» ፈገግ አለ። ቃላቱን ሲያዘጋጅ እንደሰነበተ ያስታውቃል።

ያኔ ልነግረው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ማንቆርቆሪያው ተንፈቀፈቀና ላወርደው ሄድኩ፤ ስመለስ የእታለም ጫማ ደረጃው ላይ ይሰማ ነበር።

ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ የአባቴን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች፤ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«አባዬ፣ ሰው መሰልክ እኮ።»

«ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።»

«ቆይ መጀመሪያ ይሄን ልየው።» ካርዱን ከሚስማሩ አወረደችው። ጣቷ ረድፉን ይወርዳል። «አምስት። አምስት። አምስት…» እስከ ታች ሄደች። ተቀመጠች፤ ሳቅም እንባም የቀላቀለ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። «አንድም አልጎደለም። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ አራት ብትሆን እንኳ እተውህ ነበር። ሦስትም ብትሆን ተጨቃጭቀን እተውህ ነበር። ላስፈራራችሁ ብዬ ነው እንጂ ከዚህ ቤት ነቅዬህ የት ልደርስ።»

አባቴ የያዘውን ቃል እንደያዘ ቀረ።

«ስንት ነው ያልሽው?»

«አምስት።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ወደ እሷ አይደለም። ዓይኖቹ እኔን አያዩም፤ ከትከሻዬ አለፍ ብለው ግድግዳውን ነው የያዙት።

«እስቲ ስጪኝ።»

ካርዱን ገልብጦ ጭኑ ላይ ዘረጋው። አውራ ጣቱን አሳረፈ። ከላይ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቀጣዩ ረድፍ፣ አምስት። እስከ አሥራ አንደኛው ረድፍ ድረስ እንዲህ ወረደ፤ ጣቱ ጭረቶቹ ላይ ኮረኮንች እንደሚያልፍ ጋሪ ትንሽ ትንሽ ትዘላለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ አራት ጊዜ ዘለለች፤ ከዚያ ለስላሳ ወረቀት ላይ ቆመች። ወደ ኋላ መለሳት። እንደገና ሄደች። እንደገና ለስላሳ። ወደ ቀጣዩ ወረደ። ወደ ቀጣዩ። እስከ መጨረሻው ረድፍ አልሄደም።

እታለም አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ በቀስታ፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ። ሳጥኑን ከፈተ። ከሚዛኑ ላይ አሥሩን አነሳና ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ሃያውን ከተተው። ሃምሳውን ሲያነሳ የመንደሪኑ ሳህን ወርዶ ጠረጴዛውን ኳ አደረገው፤ መንደሪኑ ዞረ፣ አልወደቀም። ሳጥኑን ዘጋ። ከወንበሩ ጀርባ ኮቱን አንስቶ ለበሰ፤ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች እታለም።

«መኪናሽ ታች ነው?»

«ታች ነው። ለምን? ወዴት ነው?»

ምርኩዙን ፈልጎ አገኘ። ሳጥኑን ብብቱ ሥር አደረገ። በእኔ አጠገብ ሲያልፍ ኮቱ ክንዴን ነካው፤ ካሮት ካሮት ይሸታል።

«ምን አደረግከው?» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ። «ንገረኝ እንጂ፣ ምን አደረግከው?»

ያ ሥጋ ሻጭ እስከ መታጠፊያው መከተሉ ትዝ አለኝ። እኔ ከወንበሬ እንኳ አልተነሳሁም። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችው። ምርኩዙ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፤ በየደረጃው ሳጥኑ ውስጥ መመዘኛዎቹ ይነካካሉ። ቅጭል። ከዚያ ዝም። ቅጭል። ሁለተኛ ፎቅ። አንደኛ ፎቅ። የታችኛው በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።